የጎንደርን ግንብ ማን ሠራው? የየመኑ ቃዲ ምስክርነት



ውድ የዝግጅታችን ተከታታዮች፣ ከመርሳ አንድ አባት ጥያቄ ልከውልናል። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ‹‹ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው አሉን›› ብሎ ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ ከአባቶቻቸው የሰሙት ሌላ ነው። ‹‹እውነቱ የቱ ነው? ደግሞስ እኛ ሙስሊሞች በዚያ ግንብ ታሪክ ውስጥ አለንበት ወይስ የለንበትም?›› ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከወልድያም ከሐብሩ ገጠርም ተመሳሳይ ነገር የሚያነሱ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ጊዜያችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዘመኑን እ.ኤ.አ. እንጠቅሳለን፤ እንዲህ ካልሆነ ከውጭ አገር ታሪክ ጋር ማስተያየቱ ያስቸግራል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን እየተዘዋወሩ ነበር የሚገዙት። ሠራዊቱ የሰፈረበትን አገር እህልና ማገዶ ሲጨርስ ድንኳኑ ይነቀልና ወደ ሌላ ቦታ ይኬዳል። ከተማ የሚባለው እንዲህ የሚጓዝ ነገር ነበር። ዐፄ ፋሲል (1632–1667) ግን በ1636 ጎንደር ላይ ቆረጡና መቀመጫቸውን እዚያው አደረጉ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ፣ ከዚያም እነ በካፋ በዚያው ግቢ ውስጥ እየጨመሩ ሠሩ። ዛሬ ‹‹ፋሲል ግቢ›› የምንለው እንግዲህ የአንድ ሰው ሥራ ሳይሆን ከመቶ ዓመት በላይ የተደራረበ ሥራ ነው። የቆዳ ስፋቱ ወደ 70,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ዙሪያውን ወደ 900 ሜትር የሚሆን አጥር ይከበዋል፤ 12 በሮችም አሉት። የበሮቹ ስም ራሱ የቤተ መንግሥቱን ኑሮ ይናገራል። እምቢልታ በር አለ፣ ወምበር በር አለ፣ ባልደራስ በር አለ፣ ጃንተከል በር አለ። እምቢልታ ነፊው፣ ዳኛው፣ የፈረሰኛው አለቃ እያንዳንዳቸው የሚገቡበት በር ነበራቸው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የፋሲል ግንብ ነው። ከታች እስከ ጫፍ 32 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በአራቱም ማዕዘን እንቁላል የመሰለ ጉልላት የደፋ ክብ ማማ ቆሞበታል፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ከሁሉ የረዘመ አራት ማዕዘን ማማ አለው። አየሩ ጥሩ በሆነ ቀን ከዚያ ላይ የጣና ሐይቅ ይታያል ይባላል። የግድግዳው አናት እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው። ድንጋዩ በዚያ አካባቢ የሚገኝ ጥቁር ቡናማ ድንጋይ ሲሆን፣ የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስት ግን ቀላ ባለ ለስላሳ ድንጋይ ተለብጧል። ይህ ቀይ ዙሪያ ለዐይን እንዲያምር ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ጥቁሩ ድንጋይ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ለቅስት አስተካክሎ ለመጥረብ አይመችም፤ ቀዩ ግን ለመሮ እሺ ይላል። አንድ ጥሩ ግንበኛ ድንጋይን እንደ ጠባዩ ነው የሚያሠራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እሱም ኖራ ነው።

በሐብሩም ሆነ በጉባ ላፍቶ ገጠር በድንጋይ ቤት የሠራ ሰው የምንለውን ያውቃል። ድንጋይ በጭቃ ሲያያዝ ቁመቱ የተወሰነ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ጭቃውን እያጠበ ያወጣዋል፤ በየዓመቱ መምረግ ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ፎቅ፣ በድንጋይ የተደፋ ጉልላት፣ ውኃ የማያስገባ ጠፍጣፋ ጣሪያ በጭቃ አይታሰብም። ኖራ ግን የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ በውኃ ተበርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ሲቦካ የሚገኝ ማያያዣ ነው። ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ራሱ ድንጋይ ይሆናል። አክሱሞች ድንጋይን ከእንጨት ጋር አያይዘው ሠሩ፤ ላሊበላ ከአለት ተፈለፈለ፤ የጎንደር ዓይነት ግንብ ግን ያለ ኖራ አይቆምም። እንግዲህ ‹‹ግንቡን ማን ሠራው?›› የሚለው ጥያቄ በግማሹ ‹‹ኖራውን ማን አመጣው?›› ማለት ነው።

ለዚህ መልስ የሚሰጠን ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ፖርቱጋላዊ ነው። ማኑኤል ደ አልሜይዳ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ከ1624 እስከ 1633 በአገራችን ኖሮ የታሪክ መጽሐፍ ጽፏል። እሱ እንደሚለው በ1621 ገደማ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያገኘው ከህንድ የመጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ ተሠራ። በእርግጥ በዚያን ጊዜ ኢየሱሳውያኑ በሱስንዮስ ዘንድ ተሰሚነት ነበራቸው፤ ህንዶቹም የመጡት ፖርቱጋሎች በጎዋ በኩል በዘረጉት መንገድ ነው። ስለዚህ ‹‹ፖርቱጋሎች ምንም እጅ የላቸውም›› ማለትም ከእውነት መሸሽ ነው። ዳሩ ግን ንጉሡ ሃይማኖቱን ወደ ካቶሊክ በመለወጡ አገር በደም ታጠበ፤ በ1632 ሥልጣኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከቤተ መንግሥቱ አራቀ፣ ቀጥሎም ከአገር አስወጣ። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፈረንጆቹን እንዲህ ያባረረ ንጉሥ መኖሪያውን በእነሱ አሠራ ማለት ለማመን ይከብዳል።

ግምት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ በቆምን። ነገር ግን የዐይን ምስክር አለን። ምስክሩም ሙስሊም ነው።

ቃዲ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ይባላሉ። የየመን ዓሊም ናቸው። በ1057 ሒጅራ፣ ማለትም በ1647፣ የየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል ወደ ሐበሻው ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው ላኳቸው። ነገሩ የጀመረው ከፋሲል በኩል ነበር። ፋሲል በ1642 ለቀድሞው ኢማም፣ ለአል-ሙአየድ ሙሐመድ፣ ደብዳቤ ልከው ነበር። የፋሲል ሐሳብ የንግድ ነው። ምጽዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ስለነበረች፣ በአፋር ጠረፍ በበይሉል ወደብ በኩል ወደ የመን የሚያወጣ ሌላ መንገድ ፈለጉ። የመንም ቱርኮቹን ከምድሯ ያስወጣችው በቅርቡ ስለነበር ሁለቱን የሚያቀራርብ ጉዳይ ነበራቸው። ታዲያ በደብዳቤው ውስጥ በግልጽ ያልተባለ፣ ሰው ተልኮ በቃል የሚነገር ጉዳይ እንዳለ ተጠቁሞ ነበርና፣ በየመን በኩል ‹‹ንጉሡ ሊሰልም ፈልጎ ይሆናል›› የሚል ተስፋ አደረ። የነጃሺን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህን ተስፋ ማሳደሩ የሚያስገርም አይደለም።

ቃዲው በበይሉል ወርደው የአፋርን በረሓ አቋርጠው፣ ከብዙ ድካም በኋላ በ1648 ጎንደር ደረሱ። ተስፋ ያደረጉት ግን አልሆነም። ንጉሡ ስለ ወደብና ስለ መንገድ እንጂ ስለ ሃይማኖት የሚነጋገር ሰው ሆኖ አላገኙትም። በ1649 ወደ አገራቸው ተመልሰው የጉዟቸውን ታሪክ ጻፉ። መጽሐፉ ‹‹ሲረቱል ሐበሻ›› በሚል ስም ይታወቃል። ተስፋቸው የተሰበረ ሰው ስለሆኑ ስለ አገሩ የጻፉት ሁሉ የሚያስደስት አይደለም፤ ትችታቸው ብዙ ነው። ይህ ግን ለምስክርነታቸው ክብደት ይጨምርለታል እንጂ አይቀንሰውም። ለማሞገስ ምክንያት የሌለው ሰው ሲያደንቅ ይታመናል።

ግንቡን አድንቀዋል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ከፍ ያለ፣ ከሚደነቁ ሕንጻዎች የሚቆጠር መሆኑን ጽፈዋል። በዙሪያው ያለው የከተማው ቤት ግን የሣር ጎጆ እንደነበረ መዝግበዋል። የግንቡ ሠሪ ደግሞ ህንዳዊ መሆኑን ይናገራሉ። ግንቡ ገና አዲስ በነበረበት፣ የሠራው ሰው በሚታወቅበት፣ ያሠሩት ንጉሥም በውስጡ በሚኖሩበት ጊዜ የተጻፈ ቃል ነው። ‹‹ፖርቱጋሎች ሠሩት›› የሚለው ወሬ ይህን የመሰለ የዐይን ምስክር የለውም።

ዋናው አናጺ ህንዳዊ ይሁን እንጂ አንድ ሰው ብቻውን ግንብ አይገነባም። ድንጋዩን የፈለጡት፣ ያጓጓዙት፣ ኖራውን ያቃጠሉት፣ የደረደሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። በተለይ ቤተ እስራኤሎች በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በቀጥቃጭነት የታወቁ ነበሩ። መጀመሪያ ከባዕድ ተማሩ፤ ከዚያ ሙያው የእነሱ ሆነ። ለዚህ ማስረጃው ከፋሲል በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ግንብ መሠራቱ አለመቋረጡ ነው።

የእኛስ ድርሻ? ሙስሊሞቹ በጎንደር ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ነበሩ። ከሱዳን እስከ ምጽዋ የሚሄደው የሲራራ ንግድ በአብዛኛው በጀበርቲዎች እጅ ነበር። በቤተ መንግሥቱ የሚታየው ሐር፣ ምንጣፍና ሽቶ በእነዚሁ ነጋዴዎች ግመልና በቅሎ ነው የሚመጣው። የኢያሱ ቀዳማዊ (1682–1706) ግንብ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። መስታወት ጎንደር አይፈላም፤ በነጋዴ ጀርባ ነው የገባው።

ይህን ሁሉ እያደረጉ ግን ከጎረቤታቸው ጋር እንዳይኖሩ ተፈረደባቸው። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር ጉባኤ ተደርጎ፣ የፈረንጅ ዘር የሆኑት አገር እንዲለቁ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። በ1678 ትእዛዙ እንደገና ተደገመ። መደገሙ አንድ ነገር ያሳያል። ሰዉ ለአሥር ዓመት ያህል ትእዛዙን በሚገባ አልፈጸመውም ማለት ነው። አብሮ የኖረ ጎረቤት በአዋጅ ቶሎ አይለያይም። በመጨረሻ ሙስሊሞቹ ከግንቡ ወደ ታች ወርደው በቀሃ ወንዝ በኩል ሰፈሩ። ያ ሰፈር አዲስ ዓለም ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ የሙስሊሞቹን ከተማ ወደ 3,000 ቤት ገምቶታል፤ አንዳንዶቹ ቤቶች ሰፋ ያሉና መልካም እንደሆኑም ጽፏል። በግዞት መልክ የተሰጠ ሰፈር ከመቶ ዓመት በኋላ የነጋዴ ከተማ ሆኖ ተገኘ፤ አልሐምዱሊላህ።

እዚህ ላይ ከአገራችን ወጣ ብለን አንድ ሌላ ግንብ እንመልከት። ማስተያየቱ ይጠቅማልና።

በደቡብ ጣሊያን ሉቼራ የምትባል ከተማ አለች። የሲሲሊ ደሴት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሙስሊሞች እጅ ቆይታ በ1091 ሙሉ በሙሉ በኖርማኖች እጅ ወደቀች። በደሴቱ የቀሩት ሙስሊሞች በኋላ ቢያምፁ፣ ንጉሡ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ከ1220ዎቹ ጀምሮ ከደሴቱ እየነቀለ ባሕር አሻግሮ ሉቼራ ላይ አሰፈራቸው። የሚደንቀው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በ1233 ገደማ እዚያው ሉቼራ ላይ ቤተ መንግሥቱን አሠራ፤ ቀስተኛና ዘበኛ ያደረገውም እነዚያኑ ሙስሊሞች ነው። መስጊዳቸውን አልነካባቸውም። እርሻቸውን ያርሱ፣ የጦር መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ፍሬድሪክ ከሞተ በኋላ አገሩን የያዘው የአንዡ ሻርል በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ማማ ያለበት ታላቅ ቅጥር አቆመ። የቅጥሩ ዙሪያ ወደ 900 ሜትር ነው፤ ልክ እንደ ጎንደሩ። ከዚያስ? በ1300 የሻርል ልጅ፣ ዳግማዊ ሻርል፣ ከተማዋን አስከብቦ ሙስሊሞቹን በባርነት ሸጣቸው። በመስጊዱ ቦታ ካቴድራል ቆመ። ቅጥሩ ዛሬም አለ፤ በውስጡ ከነበረው ቤተ መንግሥት የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው፤ በዙሪያው የነበረው ሕዝብ ግን የለም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሁለቱን ግንቦች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የአዲስ ዓለም ዋጋ ይታየናል። ጎንደር ሙስሊሙን ከግንቡ አራቀችው፤ አልነቀለችውም። ይህን ስንል የ1668ቱን በደል ለማቅለል አይደለም። በደል በደል ነው። ነገር ግን አዲስ ዓለም ዛሬም በቦታው አለ፤ አዛንም ይባልበታል።

አሁን ደግሞ ወደ ወልድያ እንመለስ፤ የጁ ከዚህ ግንብ ጋር የተገናኘበት መንገድ ያልታሰበ ነውና። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጎንደር ነገሥታት ኃይላቸው ሲዳከም፣ ወረሼህ የሚባሉት የየጁ መሳፍንት ተነሡ። ስማቸው እንደሚያመለክተው የዘር ሐረጋቸውን ከአንድ ሸኽ ይቆጥራሉ። ከእነሱ የመጀመሪያው፣ ትልቁ አሊ የሚባሉት ራስ አሊ ጓንጉል፣ በ1784 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ከዙፋን አወረዱ። አሊ በሙስሊምነት ተወልደው ክርስትና የተነሡ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ 1853 ድረስ፣ ጥቂት መቆራረጥ ቢኖርም፣ ሥልጣኑ በየጁዎች እጅ ቆየ። በፋሲል ግቢ ያለው ንጉሥ ስሙ ብቻ ንጉሥ ነበር። የጁው ራስ ይሾመዋል፣ ደስ ሳይለው ሲቀር ይሽረዋል። ያው ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል! የዙፋኑን ደረጃ እንደ እሳቸው የተመላለሰበት ያለ አይመስለንም። በኋላ ሰዉ ‹‹ፍጻሜ መንግሥት›› አላቸው።

የሚገርመው የጁዎች ግንቡ ውስጥ ለመኖር አለመጓጓታቸው ነው። ደብረ ታቦርን መቀመጫ አደረጉና ጎንደርን ከሩቅ ገዙ። ለምን? እኛ እንደሚመስለን አንደኛ፣ ደብረ ታቦር ወደ የጁና ወደ ወሎ ስለሚቀርብ ፈረሰኛው ቶሎ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ግንቡ የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉት ቤት ነው፤ ገብተውበት ከተቀመጡ ‹‹ነገሡ›› ይባላሉ፤ ያ ደግሞ መላውን አገር ያስነሣባቸዋል። ባለቤት ሳይባሉ ቁልፉን መያዝ መረጡ። የግንቡ ጉዳት ግን ከዚህ ጀመረ። የሚጠግነው ንጉሥ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለው ራስ ቤቱ አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ወለሉን የተሸከመው እንጨት በሰበሰ። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ የጎዳውን ያህል የሚጠጋ ጉዳት ባለቤት በማጣት ደረሰበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ጎንደርን እየጎዳ አለፈ። ካሳ ኃይሉ በ1853 አይሻል ላይ ዳግማዊ ራስ አሊን ድል አድርገው፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ በ1866 ከተማዋን ዘረፉና አቃጠሉ። በ1888 የማህዲው ሠራዊት ከሱዳን በአቡ አንጃ እየተመራ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሰላማዊ ሰው ገደለ። በሃይማኖታችን ስም ስለተደረገ ይህን መሸፋፈን አይገባንም። የክርስቲያን ነገሥታት በሙስሊሙ ላይ ያደረሱትን እንደምንናገር ይህንንም መናገር አለብን። ጣሊያን ከ1936 ጀምሮ ግቢውን መሥሪያ ቤት አደረገው፤ በ1941 በጦርነቱ ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡት በተለይ የኢያሱ ግንብ ተጎዳ።

ስለ ጣሊያን አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። ግንቡን ጠግነው ነበር፤ የጠገኑት ግን በሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ ወደ ግድግዳው የገባውን እርጥበት መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዘውና ድንጋዩ ከውስጥ ይበላል። በ1970ዎቹ በዩኔስኮ እርዳታ ጥገና ሲደረግ ሲሚንቶው እየተነሣ እንደገና በኖራ ተተካ። ከዚያም በ1979 ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ያ ከህንድ የመጣ ሰው በ1621 ገደማ የለየው ድንጋይ ከ350 ዓመት በኋላ ከፋብሪካው ሲሚንቶ በልጦ ተገኘ።

ለመርሳው አባት እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። ልጅዎ የሰማው ሙሉ እውነት አይደለም። ግንቡን ያነጸው፣ ያዩት ቃዲ እንደጻፉት፣ ህንዳዊ ነው፤ ድንጋዩን የደረደረው ያገሩ ሰው ነው። ኢንሻአላህ እርስዎም ለመሄድ ካሰቡ ከወልድያ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚያወጣው መንገድ አለ። ደብረ ታቦር ሲደርሱ የየጁዎቹ መቀመጫ እሱ ነበር። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲያቀኑ እንፍራንዝ አጠገብ ከኮረብታው ላይ ጉዛራ የሚባለው ግንብ ይታይዎታል፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት ይባላል። ጎንደር ገብተው ፋሲል ግንብ ሥር ሲቆሙ ቀዩን የመስኮት ቅስት ይመልከቱ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ነጭ መስመርም በጣትዎ ይዳስሱት፤ ኖራው እሱ ነው። የዝሁር ሰላት ሲደርስ ወደ አዲስ ዓለም ቁልቁል ይውረዱ፤ ሩቅ አይደለም።